መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ወተት፦ የፍየል ግልገል ለሚያሳድግ ጀማሪ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግልገሎች የገዛሁት ባቲ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ነው። ቀኑ ይፋጃል፣ ግልገሎቹ ዘለው አይጠግቡም፣ ዋጋውም ልብ ያማልላል። እናታቸው የት እንዳለች እንኳ አልጠየቅኩም። ማዳበሪያ ውስጥ አስገብቼ፣ ጭንቅላታቸውን ብቻ አስወጥቼ ሚኒባስ ላይ ጫንኳቸው። ኮምቦልቻን አልፈን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉም ተቀበለን፣ ደሴ ስንደርስ መሽቷል፣ የደሴን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ርቧቸዋል ብዬ ከፍሪጅ ያወጣሁትን ወተት በጡጦ እየጋትኩ አጠጣኋቸው። ጠዋት ስነሳ አንዷ ተዘርራ አገኘኋት።

ያችን ግልገል ረሃብ አልገደላትም። በብርድ ደርቃ ሳለ ሆዷን በቀዝቃዛ ወተት የሞላሁት እኔ ነኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍየል ያረቡት ጎረቤታችን እትዬ መጥተው የተረፈውን ከእጄ ነጠቁኝና ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት። «አብሽር ልጄ፣ መጀመሪያ ይሙቅ፤ ወተቱ የትም አይሄድ» አሉኝ። እሱ ግልገል ዛሬ ሙክት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ያሳደግኳቸውን ሁሉ በዚች አንድ ቃል ነው ያሳደግኳቸው፣ እናንተም ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢጠፋባችሁ እሷን ያዙ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ጀማሪ ከሆናችሁ ጡት ያልጣለ ግልገል ብቻውን አትግዙ። ሦስት ወር የሞላው፣ ቅጠል እየበላ የሚያመሰኳ ይሁን። ከተቻለ ደግሞ እናቲቱን ከነግልገሏ ግዙ። ዋጋው ይበዛል፣ ግን የጡጦውን ጣጣ፣ የሌሊት መነሳቱን፣ የወተት ወጪውን ሁሉ እሷ ትሸከምላችኋለች። ገበያ ላይ በጣም ትንሽ ግልገል በርካሽ ሲቀርብላችሁ እናቱ ሞታ ወይም ወተት ደርቆባት ሊሆን ይችላል። እዘኑለት፣ ግን የመጀመሪያችሁ አይሁን።

አንድ ብቻም አትግዙ። ፍየል የመንጋ እንስሳ ናት። ብቻዋን ስትሆን ቀን ከሌት ትጮሃለች፣ እናንተም ጎረቤትም እንቅልፍ አታገኙም።

ስትመርጡ መሬት ላይ ልቀቁትና እዩት። ጅራቱ ሥር የደረቀ ተቅማጥ ካለ ተዉት። አፍንጫው ንፍጥ ከሆነ፣ ካሳለ፣ ጀርባውን አጉብጦ ከቆመ ተዉት። ከዚያ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ውስጡን ተመልከቱ፦ ቀላ ያለ ከሆነ ጥሩ፣ እንደ ወረቀት ከነጣ ደሙን ትል እየጠጣው ሊሆን ይችላል። ይችን ነገር ነጋዴው ፊት ስታደርጉ ዋጋው ራሱ ትንሽ ይወርዳል፣ የምታውቁ ይመስለዋላ!

አገሩንም አስቡ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ባቲ ከዚያም ዝቅ ትላለች። ቆላ ያደገ ግልገል በአንድ ቀን ደጋ ሲወጣ ሰውነቱ ይደነግጣል። ስለዚህ ደሴ የምትወስዱ ከሆነ በጠዋት ግዙ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ግቡ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሌሊት ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሩት። መንገድ ላይ ነፋስ በማይመታው ጎን አስቀምጡት፣ መኪና ጣራ ላይ አታስሩ። ቤት ሌሎች ፍየሎች ካሉ ደግሞ አዲሱን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ለብቻው አቆዩት። ገበያ የሚያገናኘው ሰውን ብቻ አይደለም፣ በሽታንም ነው።

ቤታችሁ ከተወለደ፦ የመጀመሪያዋ ሰዓት

ፍየል አምስት ወር ያህል፣ 150 ቀን ገደማ ትረግዛለች። የመጨረሻው ወር ተኩል ላይ እናቲቱን ደህና አድርጋችሁ መግቧት፤ ግልገሉ ሆዷ ውስጥ በፍጥነት የሚያድገው ያኔ ነው፣ ወተቷም ያኔ ነው የሚዘጋጀው።

ስትወልድ አትረብሿት። ብዙዎቹ ያለ ማንም እርዳታ ይወልዳሉ። ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ አጥብቃ እያማጠች ምንም ካልታየ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። እጃችሁን አስገብታችሁ መጎተት የጀማሪ ሥራ አይደለም።

ግልገሉ እንደወጣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። አፍና አፍንጫው ላይ ያለውን ሽፋን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። እናቱ ትላሰው። መላሷ ያደርቀዋል፣ ያሞቀዋል፣ ልጇ መሆኑንም በጠረኑ ትለየዋለች። ካልላሰችው ሰውነቱ ላይ ትንሽ ጨው ነስነስ ማድረግ ይረዳል። እሷ ብትልሰውም ደሴ ላይ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ፣ እናንተም በደረቅ ፎጣ እሹት። እርጥብ ግልገል በነፋስ ውስጥ በደቂቃዎች ይደርቃል፤ መድረቅ ስል በብርድ ማለቴ ነው።

ከዚያ እትብቱ። ፋርማሲ የሚሸጠውን የአዮዲን ቲንክቸር በትንሽ ብልቃጥ አድርጋችሁ እትብቱን እስከ ሆዱ ድረስ ንከሩት። በጥጥ ነካ ነካ ማድረግ አይበቃም፣ መነከር አለበት። እትብት ክፍት በር ነው፤ በእሱ የገባ ጀርም ከሳምንት በኋላ ጉልበቱን አሳብጦ ያነክሰዋል፣ ያኔ እናንተ የሚመስላችሁ ወድቆ የተሰበረ ነው።

ቀጥሎ እንገር። የእናቲቱን ሁለቱንም ጡት በጣታችሁ አንድ ሁለቴ ጨመቅ አድርጉ፣ ጫፉን የደፈነው ነገር ይውጣ። ግልገሉ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ መጥባት አለበት። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ግልገል ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልለት ነገር የለውም ማለት ይቻላል፣ የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱ ያንን መከላከያ እንዳለ የሚያሳልፈው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። እየቆየ ይዘጋል፣ ከአንድ ቀን በኋላ እንገር ቢጠጣ ከምግብነት አያልፍለትም። መጠኑ በ24 ሰዓት ውስጥ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ግልገል 250 ሚሊ ሊትር፣ ሦስት አራት ጊዜ ተከፋፍሎ።

እናቲቱ ከሞተች ወይም ጡቷ ከደረቀ በዚያው ሰሞን የወለደች ሌላ ፍየል ፈልጉ። ከጠፋ የላም እንገርም ይሆናል። እኔ ጎረቤት ላም ስትወልድ ትንሽ ለምኜ በላስቲክ እየቋጠርኩ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሲያስፈልግ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማቅለጥ ነው፣ እሳት ላይ ከጣዳችሁት ይረጋና መከላከያው ይጠፋል። እንገር ፈልቶ ሲበላ እንዴት እንደሚጣፍጥ አውቃለሁ፣ ግን ግልገሉ ሳይጠግብ እጃችሁን ሰብስቡ።

ጡጦ፦ ሁሉም የሚሳሳትበት ቦታ

እናት የሌለው ግልገል ደርሶባችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ከማንኛውም ወተት በፊት ጣታችሁን አፉ ውስጥ ክተቱ። አፉ ከቀዘቀዘ ወተት አትስጡት። ቴርሞሜትር ካላችሁ በፊንጢጣው ለኩ፣ ጤነኛ ግልገል ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ መሆን አለበት። ከ37 በታች ከሆነ አንጀቱ ሥራ አቁሟል፣ የሰጣችሁት ወተት ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ አሙቁት። ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና በግራና በቀኙ አድርጉለት፣ ላዩን በጋቢ ወይም በአሮጌ ሹራብ ሸፍኑ። ውሃው ሲበርድ ቀይሩ። የልጅ ሹራብ እጅጌ ቆርጦ ማልበስም ያምርበታል ደግሞ። ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከግልገሉ ጋር አታሳድሩ፣ ጭሱ እሱንም እናንተንም ይገድላል። አፉ ሲሞቅ፣ ጭንቅላቱን ቀና ሲያደርግ፣ ጣታችሁን መጥባት ሲጀምር፣ አሁን ወተት።

ወተቱ የላም ቢሆን ችግር የለውም። ግን ውሃ ያልተቀላቀለበት ይሁን። ከመንደር ስትገዙ ይሄን እናንተው ታውቁታላችሁ፣ ነጭ ውሃ የጠጣ ግልገል ሆዱ ሞልቶ ይከሳል። አፍሉትና የሰውነት ሙቀት ያህል እስኪሆን አብርዱት። እጅ አንጓችሁ ላይ ጠብ ስታደርጉት ሞቅ ሊላችሁ ይገባል፣ ለብ ማለት ብቻ አይበቃም፣ የግልገል ሰውነት ከእኛ ይሞቃልና። ከአንድ ዓይነት ወተት ወደ ሌላ ስትቀይሩ በአንድ ጀንበር አታድርጉት፣ አራት አምስት ቀን እያቀላቀላችሁ ሂዱ።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግልገልን እንደ ሕፃን በጀርባው አስተኝቶ ማጥባት ፎቶ ላይ ያምራል፣ ግን ወተቱ ሳምባው ውስጥ ይገባል። በእግሩ ይቁም፣ ጡጦውን ከእናቱ ጡት ከፍታ ትንሽ ከፍ አድርጉና አንገቱን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጥባ። ይሄ ለወግ አይደለም። የፍየል ጨጓራ አራት ክፍል አለው፣ ወተት መሄድ ያለበት ወደ አራተኛው ነው። ግልገሉ አንገቱን ዘርግቶ ሲጠባ ጉሮሮው ሥር አንድ ቦይ ይዘጋጅና ወተቱን ሌሎቹን አሳልፎ በቀጥታ ወደዚያ ያደርሰዋል። በጣሳ አፉን ከፍታችሁ ስትደፉበት ቦዩ አይሠራም፣ ወተቱ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ይሸታል፣ ሆዱ ይነፋል። ጡጦውን ስትገለብጡት ወተቱ ጠብ ጠብ ይበል እንጂ አይፍሰስ። ከፈሰሰ ጡቱ ተቀዷል፣ ቀይሩት።

ስንት ይጠጣል? በቀን ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው፤ እኔ 15 ላይ ነው የምቆመው። ለመመዘን ግልገሉን ማዳበሪያ ውስጥ አድርጋችሁ በመንጠቆ ሚዛን አንጠልጥሉት፣ ስጋ ቤት ያለው ዓይነት። ሦስት ኪሎ ለሚመዝን በቀን 450 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ አራት ቦታ ስትከፍሉት በአንድ ጊዜ 110 ገደማ ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሌሊትም ተነስታችሁ በየሦስት አራት ሰዓቱ። እስከ ሁለት ሳምንት በቀን አራቴ። ከሦስተኛው ሳምንት በቀን ሦስቴ፣ በአንድ ጊዜ 200 ቢደርስ ይበቃዋል። ከሁለት ወር ገደማ በቀን ሁለቴ። ሰዓቱን አታዛንፉ። ቅዳሜ ሰርግ ሄዳችሁ ማታ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከሰጣችሁ እሑድ ተቅማጥ ነው።

ግልገል ጠገብኩ አይልም። ጡጦውን ስትነጥቁት ይጮሃል፣ እግራችሁን ይጠባል፣ ልባችሁን ይበላል። አትስሙት። ጠጥቶ ሲጨርስ የሆዱ ጎን ቀጥ ብሎ ከወረደ በቅቶታል፣ ወደ ውጭ ካበጠ አብዝታችኋል። ጀማሪ ግልገሉን የሚጎዳው በስስት ሳይሆን በቸርነት ነው፣ የእኔም ጥፋት እሱ ነበር።

ጡጦውን በእያንዳንዱ ጊዜ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ በቀን አንዴ አፍሉት። የትናንት ወተት የደረቀበት ጡጦ መርዝ ነው።

ቅጠል የሚጀምረው መቼ ነው?

ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ እንደሚባለው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግልገሉ እንጨት፣ ገመድ፣ የካልሲያችሁን ጫፍ ማላመጥ ይጀምራል። ያኔ ለጋ ቅጠልና ጥሩ ድርቆሽ አቅርቡለት። ብዙ አይበላም፣ ግን የሚቀምሳት ትንሽ ነገር ትልቁን ጨጓራ ታስነሳለች። ወተት ብቻ የጠጣ ግልገል ጨጓራው ሕፃን ሆኖ ይቀራል፣ ጡት ሲጥል ይከሳል።

ቅጠሉን መሬት ላይ አትጣሉ። እቅፍ አድርጋችሁ በገመድ እሰሩና ከራሱ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት። ፍየል በተፈጥሮዋ ቀና ብላ ነው የምትበላው። ሌላው ጥቅም፣ የትል ዕንቁላል ከበጠጥ ጋር መሬት ላይ ነው የሚቀረው፣ የተንጠለጠለ ቅጠል ላይ አይደርስም።

የትኛው ቅጠል? ደሴና ዙሪያዋ ትሪ ሉሰርን ደጋውን ይወዳል፣ አጥር ላይ ብትተክሉት ዓመቱን ሙሉ ትቆርጣላችሁ። ኮምቦልቻና ከዚያ ዝቅ ያለው ሳስባኒያና ሉኪና ይሆነዋል፣ ግን ሉኪና ብቻውን የቀን ምግብ አይሁን፣ ሲበዛ ፀጉራቸውን ያረግፋል። አልፋልፋ የትም ጥሩ ነው፣ ታጭዶ ትንሽ ሲጠወልግ እንጂ በጤዛ እርጥብ እንዳለ አትስጡ፣ ይነፋቸዋል። የግራር ፍሬ፣ የወይራ ቅርንጫፍ፣ የምስር ገለባም ይሆናል። የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል፣ ግልገል ግን አያሳድግም።

ከወር በኋላ ደረቅ መኖ ጨምሩ። እኔ የምቀላቅለው ስድስት ጣሳ ፉርሽካ፣ ሁለት ጣሳ የተከካ በቆሎና ሁለት ጣሳ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ነው፣ ከትንሽ ጨው ጋር። ኮምቦልቻ የዱቄት ፋብሪካ ስላለ ፉርሽካ አይጠፋም። በቀን 50 ግራም፣ ማለት አንድ እፍኝ በማትሞላ ጀምሩና ሦስት ወር ሲሞላው ቀስ በቀስ 150 ግራም ላይ አድርሱት። ትልልቆቹ ገብተው እንዳይበሉበት ለግልገል ብቻ የምትበቃ ቀዳዳ ያላት አጥር ሥሩ። የሻገተ ፋጉሎ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ፤ ሻጋታው ጉበት ይበላል። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የገብስ አተላ ደግሞ ለትልልቆቹ እንጂ ለግልገል አልመክርም፣ ቶሎ ይሻግታል።

ገራባን፣ ማለት ከጫት የሚተርፈውን ቅጠልና ቅርንጫፍ በተመለከተ ሁሌ እጠየቃለሁ። አዎ፣ ፍየሎች የጫት ገራባ ይወዳሉ፣ ሠፈራችን ያሉትም ሲበሉት ነው የሚውሉት። ግን ጫት ላይ ምን መድኃኒት እንደተረጨ ማን ያውቃል? ለግልገል አትስጡ።

የሚገድሉትን ደግሞ እወቁ። የአቮካዶ ቅጠል። ጉሎ፣ በተለይ ፍሬው። የወፍ ቆሎ። ቃሉ ወረዳ፣ ሐርቡ አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ዋናው የማሽላ ቡቃያ ነው፤ ድርቅ የመታው ወይም ታጭዶ እንደገና ያቆጠቆጠው ማሽላ ውስጡ ሳያናይድ አለ፣ ጠግቦ የበላ ፍየል በሰዓት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ፌስታል። ፌስታል አይፈጭም፣ አይወጣም፣ ጨጓራ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል። ግቢያችሁን ጥረጉ።

ጡት የምታስጥሉት በዕድሜ ብቻ አይደለም። ክብደቱ ከተወለደበት ሁለት እጥፍ ተኩል ሲሆን፣ ቅጠልና ድርቆሽ ጠግቦ ሲያመሰኳ ነው፣ ይሄም ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ላይ ይደርሳል። በአንዴ አትቁረጡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አንድ ጡጦ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ፣ ከዚያ ወደ ውሃ። ንጹሕ ውሃ ከመጀመሪያውም አይለየው፣ ደሴ ላይ ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ብታደርጉለት የበለጠ ይጠጣል።

ማደሪያ

ደሴ ላይ ጠላታችሁ እርጥበትና ንፋስ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ሙቀትና ዝንብ።

ጉረኖው ከመሬት ከፍ ያለ የጣውላ ወለል ቢኖረው ሽንትና በጠጥ ወደ ታች ያልፋል። እሱ ካልሆነ ደረቅ ጭድ ጎዝጉዙ፣ እርጥቡን በየቀኑ አንሱ። መጎንበስና የራሳችሁን ፊት በግልገሉ ከፍታ ላይ ማድረግ ጥሩ መፈተኛ ነው፦ ዓይናችሁን ካቃጠለ የሽንቱ ትነት ሳምባቸውን እየበላ ነው፣ ጉንጫችሁ ላይ ንፋስ ከተሰማችሁ ደግሞ እሱም ይበርደዋል። ንፋሱን ከታች ድፈኑ፣ ከላይ ጣራው ሥር ግን ክፍተት ተዉ፣ ያረጀው አየር ይውጣ። ደሴ ላይ ብዙ ሰው ብርድ ፈርቶ ቆርቆሮውን ዙሪያውን ይደፍንና በሳንባ ምች ይጨርሳቸዋል። ለትንንሾቹ የሙዝ ካርቶን በጭድ ሞልታችሁ ጥግ ላይ አስቀምጡ፣ እርስ በርስ ተቃቅፈው ይሞቃሉ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ጎኑን በሽቦ ክፍት አድርጉት፣ ጥላው ግን ይበርታ።

በሩ ጅብ የማይነቀንቀው ይሁን። ሌላ አልልም።

በጠጡን በየቀኑ ተመልከቱ

ጤነኛ በጠጥ ፍንጥር ያለ ጥቁር እንክብል ነው። የጨቅላው ቢጫ ለጣፊ ነው፣ እሱ ያለ ነው፣ ግን ፊንጢጣው ላይ ደርቆ ከደፈነው በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አንሱለት፣ አለበለዚያ ማውጣት አይችልም።

ነጭ ወይም ቢጫ ተቅማጥ ከመጣ መጀመሪያ ወተቱን ጠርጥሩ፦ በዝቷል፣ ቀዝቅዟል ወይም ጡጦው ቆሽሿል። ፈሳሽ እንዳያልቅበት የሰው ኦአርኤስ ስጡት። ቤት ውስጥም ይሠራል፤ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሞቅ አድርጋችሁ በትንሽ በትንሹ፣ በወተት ሰዓቶች መካከል። ወተቱን ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ አትከልክሉት፣ ግልገል የሚተርፍበት ስብ የለውም።

ከሦስት ሳምንት በላይ የሆነው ግልገል ቡናማ ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ካመጣ ኮክሲዲያ የሚባለው ሊሆን ይችላል። ይሄ የተጨናነቀና እርጥብ ጉረኖ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ከሐኪም ነው፣ ጭዱን መቀየሩ ከእናንተ። ለራሳችሁ የተረፈ አንቲባዮቲክ ፈጭታችሁ በአፉ አትስጡ። ጨጓራው ውስጥ ያሉትን ምግብ የሚፈጩለትን ጥቃቅን ሕይወቶች ይፈጃቸዋል። እኔ አንዴ አንድ ሱቅ «ይሄ ለሁሉም ነው» ብሎ የሸጠኝን ዱቄት ሰጥቼ ግልገሉ ሳምንት ሙሉ ሳያመሰኳ ቆይቷል።

በዚያው ቀን ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች፦ መጥባት እምቢ ካለ፣ ሙቀቱ ከ40.5 ካለፈ፣ በአፍንጫው እየነፋ በፍጥነት ከተነፈሰ፣ የግራ ሆዱ እንደ ከበሮ ከተነፋ። አፉ ቆስሎ፣ ዓይኑና አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ተቅማጥም ካለበት ደግሞ ደስታ መሰል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ከሌሎቹ ለዩትና ወዲያው ለቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ይሄኛው የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም፣ ሠፈር ያዳርሳል። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ስላላት በዚህ ዕድለኞች ነን፣ ናሙና ሩቅ አይሄድም።

ክትባቱን ለባለሙያው ጠይቁ። ደስታ መሰል፣ የፍየል ፈንጣጣ፣ የፍየል ሳምባ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፤ የደስታ መሰሉ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አራት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል። ትሉን በተመለከተ ደግሞ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ በጠጥ አስመርምራችሁ መድኃኒት ስጡ፣ መጠኑም በሚዛን ይሁን፣ በዓይን ግምት አይሁን። ክረምት ላይ ጤዛው ሳይረግፍ ወደ ሣር አታውጧቸው፣ የትል እጮች በጠዋት እርጥበት ሣሩ ጫፍ ላይ ነው የሚወጡት።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። ፍየል ከጨነገፈች በባዶ እጃችሁ አትንኩ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ጭራሽ አትጠጋ። ወተት ሳይፈላ አይጠጣ።

ወንዱን ለዩት

ይሄን ማንም አልነገረኝም። ወንድ ግልገል በሦስት አራት ወሩ ማስረገዝ ይችላል፣ እህቱንም እናቱንም አይለይም። እኔ ገና ልጅ ነው ብዬ ከሴቶቹ ጋር ተውኩትና ዓመት ያልሞላት ግልገል አረገዘች፣ ወሊዱም ከበዳት። ስለዚህ ሦስት ወር ሲሞላ ለዩ። ሴቷ ከወንድ ጋር የምትገናኘው የትልቅ ፍየል ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል ስትደርስ ነው። ወንዱን ለሙክት ካሰባችሁት የሚያኮላሸው ባለሙያ በቡርዲዞ ይሁን፣ ቆዳውን ሳይቆርጥ ሥሩን የሚጨፈልቅ መቆንጠጫ ነው፤ ቁስል ስለሌለው ዝንብ አይጥልበትም። በጣም ሕፃን ሳለ ግን አታስቸኩሉት፤ የሽንት መስመሩ ሳይሰፋ ከተኮላሸ በኋላ ላይ እህል በብዛት ሲበላ በጠጠር ሊደፈንበት ይችላል። እኔ ከአራት ወር በፊት አላስነካም።

እትዬ ባለፈው ሳምንት መጥተው ሙክቱን አዩት። ጀርባውን ዳበስ አድርገው «ያኔ ጋቢዬ ላይ የሸናው ነው?» አሉኝ። እሱ ነው። ለዓረፋ ስንት ይሸጣል ብለው ሲጠይቁኝ ግን ወሬ ቀየርኩ።